ስለ ሀርድ ዲስክ ጂኦሜትሪ

ሀርድ ዲስክ ቢከፈት በአንድ ዘንግ ላይ የተደራረቡ ክብ ሳሕኖች ይታያሉ። (ጓደኞቼ ሆይ፥ እንዳትከፍቱት፤ አቧራ ከገባበት ይበላሻል።) በየሳሕኑ ገጽ ላይ የሚያነብና የሚጽፍ ራስ አለ። ሳሕኑ ሲዞር ራሱ የሚከተለው ክብ መሥመር ትራክ ይባላል፤ በሳሕኖቹ ሁሉ ላይ ትክክል ለትክክል የሚገጥሙት ትራኮች በአንድነት ሲሊንደር ይባላሉ። ትራኩ ደግሞ 512 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ይከፈላል። የሲሊንደሮቹ፥ የራሶቹና በአንድ ትራክ ያሉት ሴክተሮች ብዛት የዲስኩ ጂኦሜትሪ ነው።

የቀድሞው ባዮስ ከ1024 ሲሊንደርና ከ63 ሴክተር በላይ መቍጠር አይችልም ነበር፤ ኤቲኤ የተባለው የዲስክ ሥርዐት ደግሞ ከ16 ራስ በላይ አይቀበልም። 1024 × 16 × 63 × 512 ስናባዛ 528,482,304 ባይት እናገኛለን፤ የዲስኩ ትርፍ ቢኖርም አይታይም ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሲሊንደሩን አሳንሰው ራሱን እስከ 255 የሚያበዙበትን ዘዴ አመጡ። ከዲስኩ ውስጥ በእውነት 255 ራስ ያለ አይምሰላችሁ፤ ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው።

ችግሩም ከዚህ ይመጣል። የሴክተሩን ተራ ቁጥር ለማግኘት የሲሊንደሩ ቁጥር በራሶቹ ብዛት ይባዛል፤ የራሱ ቁጥር ይደመርበታል፤ ድምሩ በ63 ይባዛል፤ ከዚያም የሴክተሩ ቁጥር ተደምሮ 1 ይቀነሳል። 1 የሚቀነሰው ሲሊንደርና ራስ ከ0፥ ሴክተር ግን ከ1 ስለሚቈጠሩ ነው። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ መምህራችንን ብንጠይቃቸው ሳቁብን።

ዘንድሮ የክፍላችን ልጆች በሦስት ዓመት የጻፉት ድርሰት የተቀመጠበት አሮጌ ኮምፒዩተር ተቃጠለ። ባለ 2 ጊጋባይቱን ዲስክ አውጥተን በሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብንገጥመው «ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም» አለን። ሲስተሙም ድርሰቱም በዲስኩ ሁለተኛ ክፍል ነበሩ፤ ክፍሉም ከ130ኛው ሲሊንደር ይጀምራል። እንደ ገና ሲስተም ለመጫን ስንሞክር ጫኙ ፕሮግራም የክፍሎቹ ሠንጠረዥ አልገጥም ስላለው አዲስ ልጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጓደኛችን እጁን ወደ ቁልፉ ሰዶ ነበር። እኔ ግን ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። በ255 ራስ ሲሰላ ክፍሉ የሚጀምረው ከሴክተር 2,088,450 ነው፤ በ16 ራስ ሲሰላ ግን 131,040 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ድርሰታችንን የሚፈልገው ከሌላ ስፍራ ነበር ማለት ነው! የሚያሳስተውም የመጀመሪያው ክፍል መነሻ በሁለቱም አቈጣጠር 63 መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያው ደኅና ይመስላል።

ጫኙን «አይሆንም» ብለን ወጣን። ወደ ባዮስ ገብተን የዲስኩን አቈጣጠር ከ«ኖርማል» ወደ «ኤልቢኤ» ለወጥን፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ወትሮው ተነሣ። ድርሰቱን ወዲያው በፍላሽ ገለበጥነው።

በዛሬዎቹ ዲስኮች ይህ ጣጣ ብዙም አያጋጥምም፤ ሴክተሮቹ ከ0 ጀምሮ በአንድ ተራ ቁጥር ይጠራሉና። አሁን የመጀመሪያው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሴክተር 2048 እንዲጀምር ይደረጋል፤ ይህም 4096 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ለተሠሩት ዲስኮች እንዲስማማ ነው። አሮጌ ዲስክ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ የሚያዛውር ግን አስቀድሞ በፊተኛው ባዮስ የተጻፈውን የራስና የሴክተር ቁጥር በወረቀት ይያዝ፤ ወረቀቱንም ከዲስኩ ጀርባ ይለጥፈው። እኛም ለጥፈነዋል።