«ተሸናፊ ይከፍላል» ለባለ ጆተኒው ያዋጣዋል?

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ አንድ ወጣት ጆተኒ ገዝቶ ቢያቆም፣ ስለ አከፋፈሉ ብዙ አይጨነቅም። በየከተማው የተለመደው ደንብ «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። ደንቡ ግን የጨዋታው ዋጋ ለሁሉም እኩል እንዳይሆን ያደርጋል።

ለምሳሌ የአንድ ዙር ሒሳብ 10 ብር ነው እንበል። ችሎታቸው እኩል የሆነ ሁለት ተጫዋቾች 10 ዙር ቢጫወቱ እያንዳንዳቸው 50 ብር ገደማ ያወጣሉ። አንደኛው ጀማሪ ሆኖ 9 ዙር ከተሸነፈ ግን እሱ 90፣ ባላጋራው 10 ብር ይከፍላሉ። ብዙ የከፈለው ጥቂት የተደሰተው ነው። በማግስቱ ይቀራል። በትንሽ ከተማ ደግሞ አንድ ደንበኛ ሲቀር ምትኩ በቀላሉ አይገኝም፤ ጠረጴዛው ጾሙን ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር የተጀመረው ፔይንትቦል የተባለው የቀለም ጥይት ጨዋታም ከዚህ አያመልጥም። መግቢያው ረክሶ ጥይቱ ለብቻው በሚሸጥበት ሜዳ፣ ሳያነጣጥር የሚተኩሰው ጀማሪ ቶሎ ጨርሶ እንደገና ይገዛል። ሲወጣ የሚያሰላው መግቢያውን ሳይሆን ጠቅላላ ወጪውን ነው።

ስለዚህ ባለ ጆተኒው ጀማሪን ከጀማሪ ያጫውት፤ ችሎታቸው ለሚራራቅ ሒሳቡን እኩል ያካፍል፤ የተጣመመውን ዘንግ ያቃና። ዋጋ ሳይቀንስ ደንበኛው «ገንዘቤን አላባከንኩም» ብሎ ይሄዳል። ትርፉ ያለው ተሸናፊው ዛሬ በከፈለው ላይ ሳይሆን ነገ ተመልሶ በመምጣቱ ላይ ነው።