ስለ ሯጭ ሰዓት፤ ርቀቱን ከወዴት ያገኘዋል?

ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች መካከል ቅዳሜ ማለዳ ወደ እንጦጦ ሮጠው የሚወጡ አሉ። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ጂ.ፒ.ኤስ. ያለበት፥ ርቀትን፥ ፍጥነትንና የልብ ትርታን የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አስረው ነው የሚወጡት። ከተራራው ሲመለሱ ታዲያ ክርክር ይነሣል። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ሮጠው የአንደኛው ሰዓት 11 ኪሎ ሜትር፥ የሁለተኛው 11 ኪሎ ሜትር ከ400 ቢል ማንኛውን እንመን? ወላጆችም በበኩላቸው «ይህ ዕቃ ልጄን ከሰማይ ሆኖ ያየዋል ማለት ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሰዓቱ ቁጥሩን የሚያገኝበትን አኳኋን ስናውቅ ስለሆነ፥ በፊዚክስ ከተማርነው ጋራ እያዛመድሁ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ ሰዓቱ ከሳተላይት ጋራ ባለው ጉዳይ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አለመሆኑ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ወደ ሰማይ የሰደዳቸው ሳተላይቶች ስብስብ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ1978 ወጣች፤ ሥራው በሙሉ መጠናቀቁ የተነገረው በ1995 ነው። እስከ 2000 ድረስ ግን ለሲቪሉ ሕዝብ የሚላከው ምልክት ሆነ ተብሎ ጥራቱ ይቀነስ ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓይነት ስሕተት የእንጦጦን ጠባብ የእግር መንገድ መከተል አይቻልም። ዛሬ ብዙዎቹ ሰዓቶች ከአሜሪካው ሌላ የሩስያውን ግሎናስ፥ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ጭምር ያዳምጣሉ። እያንዳንዱ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እየዞረ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት በዚህ ቦታ ነው፤ ጊዜው ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት ሳያቋርጥ ያሰራጫል። የሬዲዮ ጣቢያ አድማጩ በየትኛው ቤት እንደ ተቀመጠ እንደማያውቅ ሁሉ፥ ሳተላይቱም ሰዓቱን ማን እንዳሰረው አያውቅም። ለማዳመጡም ክፍያ የለበትም፤ የስልክ ካርድም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ርቀት ከጊዜ እንዴት ይወጣል? የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአናታችን ትክክል ካለ ሳተላይት የተላከ ምልክት እኛ ዘንድ ለመድረስ የአንድ ሴኮንድ 67 ሺኛ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓቱ ይህን የመዘግየት ጊዜ በሞገዱ ፍጥነት ያባዛና ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያገኛል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለው ርቀት ከታወቀ ቦታው ይታወቃል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በሳተላይቱ ውስጥ ያለው እጅግ ውድ የሆነ የአቶም ሰዓት ነው፤ በእጃችን ያለው ተራ ነው። የእጃችን ሰዓት የአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ስለዚህ አራተኛ ሳተላይት ይጨመራል፤ በአራቱ እኩልዮሽ ሦስቱ የቦታ መጠኖችና የሰዓቱ ስሕተት በአንድነት ይፈታሉ። በአልጀብራ ክፍል «አራት ያልታወቁ ነገሮች ለምን ይጠቅማሉ?» ብሎ ለሚያጉረመርም ተማሪ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። የአይንስታይን ትምህርትም እዚህ ውስጥ አለበት፤ ይኸውም የሳተላይቱ ሰዓት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየሆነ ይጠራቀም ነበር።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። በገላጣ ሜዳ ላይ የሰዓቱ ስሕተት ጥቂት ሜትር ነው። ጥቅጥቅ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ሲገባ ግን ምልክቱ ይደክማል፤ በገደል አጠገብም ሞገዱ ከድንጋዩ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ መንገዱ ይረዝምና ሰዓቱን ያሳስተዋል። ሰዓቱ የሚያደርገው እነዚህን የተዛነፉ ነጥቦች በመሥመር ማያያዝ ነው። ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ያልተሮጠ ርቀት ይጨመራል። ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ ነጥብ በሴኮንድ ሳይሆን በደቂቃ አንድ ጊዜ እንዲያዝ ከተደረገ ደግሞ መሥመሩ የጠመዝማዛውን መንገድ ማዕዘን እየቆረጠ ያልፋልና ርቀቱ ያንሳል። ከላይ ያነሣናቸው ሁለት ጓደኛሞች ልዩነታቸው ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም፤ በጫካ ውስጥ ለሮጠ ሰው ይህ የሚያጣላ አይደለም። ከመነሣት በፊት በገላጣ ስፍራ ቆሞ ሰዓቱ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ መጠበቅም ይጠቅማል። አንድ ሳተላይት የራሱን መንገድ አስረድቶ ለመጨረስ 30 ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋልና የሚቸኩል ሰው የመጀመሪያውን ርቀት ያጣል።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ሰዓቶች ርቀትን የሚለኩት በጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንዳለ አድርገው ነው። በካርታው 1,000 ሜትር ሲሄዱ 200 ሜትር ከፍ የሚሉበት ዳገት ቢኖር፥ በፓይታጎራስ ሕግ እግር የረገጠው 1,020 ሜትር ያህል ነው። የጎደለው 20 ሜትር ብቻ ነው፤ የሳንባውና የጭኑ ድካም ግን በ20 ሜትር አይለካም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ይበልጣል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በሜዳ አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ በዳገት ላይ ያንኑ ቁጥር ለማየት ቢታገል ከግማሽ መንገድ በፊት ይወድቃል። በእኔ አስተያየት በዳገት ላይ ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ ዘግቶ ትንፋሽን ማዳመጥ ይሻላል።

የልብ ትርታውስ? ከሰዓቱ ሥር የሚበራውን አረንጓዴ ብርሃን አይታችሁ ይሆናል። ልብ ደም በረጨች ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ይበዛና ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ሲቀንስና ሲጨምር ይቆጥራል። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅ በማለዳ ቁር ከቀዘቀዘ ቁጥሩ ይበላሻል። አንዳንድ ጊዜም የልብን ምት ትቶ የእግርን ምት ይቆጥራል፤ ሶምሶማ ገና ሲጀመር 170 ካለ ይህን መጠርጠር ነው። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ይገባል። ከተጠራጠራችሁም ቆም ብላችሁ በአንገት ላይ ያለውን ትርታ በጣት ለ15 ሴኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት።

ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ እኔ የማደንቀው ሰዓቱ የመጡበትን መንገድ ስሎ ማስቀመጡን ነው። በክረምት በእንጦጦ ላይ ጉም ሲወርድ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ መንታ መንገዱም አይለይም። በዚህ ጊዜ «ወደ መጣህበት መልሰኝ» ብሎ መሥመሩን መከተል ይቻላል። ነገር ግን መሥመሩ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ሊዛነፍ እንደሚችል ከላይ አይተናል፤ በዚያች ጥቂት ሜትር ውስጥ ደግሞ ገደል ሊኖር ይችላል። ስለሆነም ዓይን ከሰዓቱ ይልቅ መሬቱን ማየት አለበት። ባትሪውም ጂ.ፒ.ኤስ. ሲሠራ ቶሎ ያልቃልና ከዋዜማው ይሞላ። ብቻን አለመሄድ፥ የሚሄዱበትን አቅጣጫና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተ ሰብ መንገር፥ ጅብ ገና በሚዞርበት ጨለማ አለመነሣት፤ ይህን ሰዓቱ አይሠራልንም።

በዘወትር ኑሮ ላይም ሰዓቱ ያገለግላል፤ አንዳንዴም ያሥቃል። እርምጃን የሚያውቀው በእጅ መወዛወዝ ስለሆነ ቡና የሚወቅጥ ሰው ተቀምጦ «ይራመዳል»፤ በሁለት እጁ ጀሪካን አቅፎ የሚሄድ ሰው ግን እንደ ቆመ ሊቆጠር ይችላል። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምርም ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል የተጀመረውን ሩጫ 6፡30 ብሎ ይጽፈዋል። ሌሊትና ቀን ሳያወልቁ ማሰር ቆዳን ያሳክካል፤ ላብና ሳሙና ከሥሩ ይቀራልና አውልቆ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል።

የወላጆችን ጥያቄ አልረሳሁም። ሳተላይቱ ልጁን አያየውም ብለናል። ሰዓቱ ግን መንገዱን ወደ ስልክ ሲያስተላልፍ፥ ስልኩም ለዓለም ሲያሳይ ነገሩ ይለወጣል። ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች መዝገብ በ2017 የተጠቃሚዎቹን መንገዶች በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። በ2018 መጀመሪያ፥ ወታደሮች በሚሮጡባቸው መሥመሮች የተነሣ የጦር ሠፈሮች በካርታው ላይ ጎልተው መታየታቸው ታወቀ። የተማሪም ሩጫ የሚጀምረውና የሚያበቃው ከቤቱ ደጃፍ ነው፤ በየቅዳሜውም በአንድ ሰዓት ነው። መዝገቡን ከማያውቁት ሰው መሸሸግ፥ ወይም ሰዓቱን ከቤት ራቅ ብሎ ማስጀመር ይቻላል፤ ወላጅም ይህ መደረጉን ቢጠይቅ አግባብ ነው።

ሰዓት ለሌለው ተማሪ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ከእነዚህ ሳተላይቶች አንዲቱም በሰማይ አልነበረችም።

ሰዓት ያላቸው ግን አንድ ፈተና ቢሠሩ ደስ ይለኛል። በ400 ሜትር ትራክ ላይ፥ በውስጠኛው መሥመር፥ አምስት ዙር ሩጡ፤ ይህ 2,000 ሜትር ነው። ሰዓቱ ያለውን ጻፉ፤ በሦስት ልዩ ልዩ ቀናት ደጋግማችሁ ልዩነቱን በመቶኛ አውጡ። በአንዳንዱ ሰዓት ላይ ለትራክ ተብሎ የተዘጋጀ ምርጫ አለ፤ ያ ምርጫ የመሥመሩን ልክ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ቁጥሩን ያርመዋልና ከፈተናው በፊት ይጥፋ።