የነጭ ቦክሰር ውሻ ጉዳይ፦ የቀለም ዘረመል፣ የመስማት ችሎታና የአርቢዎች ምርጫ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በቦክሰር ዝርያ ውስጥ ነጭ ቡችላ መወለዱ ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሯል። ይህ አጭር ጽሑፍ ነጭነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከመስማት ችሎታ ጋር በምን እንደሚገናኝና እንዲህ ያሉ ውሾች ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሹ የታተሙ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው በውድድር መድረክ የሚሸለመው ደረተ ነጭ ውሻና ከመድረኩ የሚገለለው ነጭ ቡችላ የአንድ አሊል ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ ስለሆነም ነጩን ቡችላ የሚያስገኘው የአርቢው የማጣመር ምርጫ ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቦክሰር፣ ነጭ ቀለም፣ ኤምአይቲኤፍ፣ ሜላኖሳይት፣ መስማት አለመቻል፣ የዝርያ መለኪያ

መግቢያ

ቦክሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በጀርመን፣ በተለይም በሙኒክ ከተማ፣ ቡለንባይሰር ከሚባለው ነባር የአደን ውሻና ከእንግሊዙ ቡልዶግ ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው። በ1895 በሙኒክ የውሾች ትርኢት ላይ ቀረበ፤ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው የቦክሰር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1902 ደግሞ የዝርያው መለኪያ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽንም ሆነ የአሜሪካው ኬኔል ክለብ መለኪያ ሁለት መሠረታዊ ቀለሞችን ይቀበላል፤ አንዱ ዳማ፣ ሌላው በዳማ ላይ ጥቁር መስመር የጣለበት ነው። ነጭ ምልክት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ቀለም ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ያለፈ ውሻ በቁመናና በመልክ ውድድር ላይ አይቀርብም።

በአማርኛ ስለ እንስሳት ቀለም ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የቃላት ድህነት አያሳስበውም። አርሶ አደሩ ለፈረሱና ለበሬው ዳማ፣ ቦራ፣ ቡሬ እያለ ያወጣቸው ስሞች የቀለሙን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ነጩ በገላው ላይ የት እንዳረፈም ይናገራሉ። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሦስት ምድቦች ይበቃሉ። ነጭ የሌለበትን ወይም እጅግ ጥቂት ያለበትን ውሻ “ሙሉ ቀለም”፣ ግንባሩ፣ አንገቱ፣ ደረቱና እግሮቹ ነጭ የሆኑትን “ባለ ጌጥ”፣ ገላው በአብዛኛው ወይም በሙሉ ነጭ የሆነውን ደግሞ “ነጭ” እንለዋለን።

ነጭ ቅድመ አያቶች

ነጭነት ወደ ዝርያው በኋላ ሰርጎ የገባ ባዕድ አይደለም። በጀርመን የዘር መዝገብ መጀመሪያ የተመዘገበው ቦክሰር ፍሎኪ ሲሆን አባቱ ቶም የተባለ የእንግሊዝ ቡልዶግ ነበር። የፍሎኪ እኅት ብላንካ ፎን አንገርቶር ነጭ ነበረች። ከእርሷ የተወለደችውና የዝርያው እናት እየተባለች የምትጠራው ሜታ ፎን ደር ፓሳዥም በአብዛኛው ነጭ፣ እዚህም እዚያም ቀለም ጣል ያደረገባት ውሻ ነበረች። በዚህም ምክንያት ዛሬ “ንጹሕ” የሚባለው ቦክሰር የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር መለኪያው ከሚያገልላቸው ውሾች ላይ ይደርሳል።

ነጮቹ የተገለሉበት ምክንያት ተብሎ ዘወትር የሚነገረው፣ ቦክሰር ለጥበቃና ለፖሊስ ሥራ ሲታጭ ነጭ ውሻ በሌሊት ከሩቅ ይታያል የሚለው ነው። ምክንያቱ በዘመኑ ሚዛን ይደፋ ነበር ብንል እንኳ ያስከተለው ውጤት ከምክንያቱ ዕድሜ በላይ ቆይቷል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ብዙ አርቢዎች ነጭ ቡችሎችን በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ሲገድሉ ኖረዋል፤ ድርጊቱም እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ኃላፊነት ይታይ ነበር። በ1972 የወጣው የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት ያለ በቂ ምክንያት መግደልን ወንጀል አድርጎታል። የፀጉር ቀለም በቂ ምክንያት ነው ብሎ ለመከራከር የሚደፍር ባለሙያ ዛሬ ይገኛል ብዬ አላስብም።

የስምንት ቡችሎች ስሌት

ቦክሰር በዘረመል ሳይንስ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። በ2005 በ“ኔቸር” መጽሔት የታተመው የመጀመሪያው ከፍተኛ ጥራት ያለው የውሻ ጂኖም የተነበበው ታሻ ከተባለች ሴት ቦክሰር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤሊኖር ካርልሰንና ባልደረቦቿ በ“ኔቸር ጄኔቲክስ” ባወጡት ጥናት ሃያ ያህል ነጭና ሙሉ ቀለም ቦክሰሮችን አነጻጽረው ነጭነትን የሚወስነው ስፍራ በ20ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤምአይቲኤፍ በተባለው ዘረመል አካባቢ እንደሚገኝ አሳዩ። ይህ ዘረመል ቀለም ሠሪ የሆኑትን ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት እድገትና ሕልውና ይቆጣጠራል።

ውርሱ ለመረዳት ቀላል ነው። ከእናትም ከአባትም የነጭነትን አሊል የወረሰ ቡችላ ነጭ ይሆናል፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ባለ ጌጥ፣ ከሁለቱም ያልወረሰ ሙሉ ቀለም ይሆናል። ሁለት ባለ ጌጦች ቢጣመሩና ስምንት ቡችሎች ቢወለዱ በአማካይ ሁለቱ ሙሉ ቀለም፣ አራቱ ባለ ጌጥ፣ ሁለቱ ነጭ ይሆናሉ። አሁን ከጥንዶቹ አንዱን በሙሉ ቀለም ውሻ እንተካ። ከስምንቱ አራቱ ባለ ጌጥ፣ አራቱ ሙሉ ቀለም ይሆናሉ፤ ነጭ አይወለድም።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ቢያስተያያቸው መልካም ነው። የባለ ጌጦቹ ቁጥር በሁለቱም አራት ነው። አርቢው ሁለት ባለ ጌጥ ሻምፒዮኖችን በማጣመሩ አንድም ተጨማሪ ባለ ጌጥ አላገኘም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ሁለት ሙሉ ቀለም ቡችሎችን በሁለት ነጮች መለወጥ ነው። ከነጭ ቦክሰሮች ጋር በተያያዘ በማኅበራት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው ክርክር “ነጮቹን ምን እናድርጋቸው?” በሚለው ላይ ሲያጠነጥን “ለምን እናስወልዳቸዋለን?” የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ ቀላል ስሌት ሊመለስ የሚችል ነበር። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ በስሌቱ መሠረት ሁሉንም ቡችሎች ባለ ጌጥ ሊያደርግ የሚችለው ብቸኛ ጥምረት የነጭና የሙሉ ቀለም ነው። መለኪያው የሚሸልመውን መልክ በእርግጠኝነት የሚያወርሰው መለኪያው የሚያገልለው ውሻ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ቀለም ብቻውን የማጣመር መስፈርት ይሁን ማለቴ አይደለም። በዝርያው ውስጥ በስፋት የሚታየው የቀኝ ልብ ጡንቻ ሕመም፣ እንዲሁም የዕጢ በሽታዎች፣ ቀለም ሳይለዩ ያጠቃሉ። የልብ ምርመራ ያላደረገ ሙሉ ቀለም ውሻ ነጭ ስለማያስወልድ ብቻ አይመረጥም። የሚባለው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ነጭ ቡችላ እንዳይወለድ ማድረግ አርቢውን ምንም አያስከፍለውም ነው። በተግባር ግን የውድድር ዳኞች ዐይን ወደ ባለ ጌጦቹ ስለሚያደላ ሻምፒዮን ከሻምፒዮን ይጣመራል፤ ከሚወለዱት ቦክሰሮችም ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ነጭ እንደሆኑ ይገመታል።

ከቆዳ ወደ ጆሮ

ነጭ ቦክሰር አልቢኖ አይደለም። በአልቢኒዝም ሜላኖሳይቶቹ በቦታቸው ይገኛሉ፤ የጎደላቸው ሜላኒን የማምረት ችሎታ ነው። በነጭ ቦክሰር ግን የሌሉት ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው። ዐይኖቹ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ቡናማ መሆናቸው፣ በጆሮው ወይም በዐይኑ ዙሪያ የዳማ ጠቃጠቆ መታየቱም ይህንኑ ያሳያል። ከነጩ ሥር ዳማ ወይም ባለ መስመር ውሻ አለ፤ ቀለሙን የሚቀቡት ሕዋሳት ግን አልደረሱም።

“አልደረሱም” የሚለው ቃል በዘይቤ የተነገረ አይደለም። ሜላኖሳይቶች በጽንሱ ጀርባ፣ ኋላ ኅብለ ሰረሰር በሚሆነው መስመር አጠገብ ተፈጥረው ወደ ቀሪው አካል ይጓዛሉ። ግንባር፣ ደረት፣ ሆድና የእግር ጣቶች የጉዞው ዳርቻ ናቸው። ሕዋሳቱ ሲያንሱ ወይም ሲዘገዩ መጀመሪያ ባዶ የሚቀሩት እነዚህ ዳርቻዎች ስለሆኑ ባለ ጌጡ ውሻ ካልሲ ያጠለቀና ሸሚዝ የለበሰ ይመስላል። አሊሉ ድርብ ሲሆን ጉድለቱ መላውን ገላ ያዳርሳል።

ከተጓዦቹ ጥቂቶቹ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባሉ። ኮክሊያ በተባለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ክፍል ውስጥ የደም ሥር የበዛበት ቀጭን ሽፋን አለ፤ ሥራውም በአካባቢው ያለው ፈሳሽ ከፍተኛ የፖታሲየም ክምችት እንዲኖረው ማድረግ ነው። ክምችቱ እንደ ባትሪ ያገለግላል። ድምፅ ሲመጣ በፀጉረ ሕዋሳት ላይ ያሉ በሮች ይከፈታሉ፣ ፖታሲየም ይገባል፣ ምልክቱም ወደ አንጎል ይላካል። ሽፋኑ ይህን እንዲሠራ ሜላኖሳይቶች በውስጡ ሊኖሩ ይገባል፤ ከሌሉ ግን ቡችላው በተወለደ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ባትሪው ይዳከማል፣ ፀጉረ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ጉዳቱ ዘላቂ ነው፤ ሕክምናም የለውም።

እያንዳንዱ ጆሮ የራሱን ሕዋሳት ለየብቻ ስለሚቀበል አንዱ ሰምቶ ሌላው ሊደነቁር ይችላል። እንግሊዛዊው የጄኔቲክስ ሊቅ ብሩስ ካታናክ ከነጭ ቦክሰሮች 18 በመቶ ያህሉ በአንድ ወይም በሁለት ጆሯቸው እንደማይሰሙ ገምተዋል። ለንጽጽር ያህል፣ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ስትሬን ባጠኗቸው የአሜሪካ ዳልማሽያኖች ዘንድ ይኸው መጠን ወደ 30 በመቶ ይጠጋል፤ ሆኖም ዳልማሽያን በነጭነቱ ምክንያት ከመድረክ ሲገለል አይታይም። ከነጭ ቦክሰሮች ብዙዎቹ በሁለቱም ጆሮዎቻቸው እንደሚሰሙም መዘንጋት አይገባም።

ድጋፍ ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው ድጋፍ ማወቅ ነው። አርቢዎች ከቡችላው ጀርባ ማጨብጨብን ወይም ድስት ማንኳኳትን እንደ ፈተና ይጠቀሙበታል፤ ዘዴው ግን አያስተማምንም። የማይሰማ ቡችላ የወለሉን ንዝረትና የአየሩን እንቅስቃሴ ይለያል፤ ወንድሞቹ ሲዞሩም ተከትሎ ይዞራል። በአንድ ጆሮ የማይሰማውን ደግሞ በዚህ መንገድ መለየት ከቶ አይቻልም። አስተማማኙ ዘዴ ለእያንዳንዱ ጆሮ ድምፅ እየተሰጠ የአንጎል ግንድ የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካበት “ቤር” የተባለው ምርመራ ሲሆን ጉዳቱ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ማለትም ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሊከናወን ይችላል። ቡችሎች ወደ አዲስ ቤት የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ በመሆኑ ምርመራው ከርክክቡ በፊት የማይደረግበት የጊዜ ምክንያት የለም።

ፈጽሞ የማይሰማ ውሻ ሲደነግጥ ይናከሳል፤ ስለዚህ ማስወገዱ ይሻላል የሚል አስተያየት በአርቢዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በኢሊኖይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቫለሪ ፋርመር-ዱጋንና ባልደረቦቿ በ2014 ያወጡት ጥናት ይህን አይደግፍም። በባለቤቶች ምላሽ መሠረት መስማት ወይም ማየት የተሳናቸው ውሾች በጠበኝነትም ሆነ በቁንጥንጥነት ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ውጤት አሳይተዋል። መረጃው ባለቤቶች ስለ ውሾቻቸው የሰጡት ምስክርነት መሆኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቢሆንም የተቃራኒው ወገን ማስረጃ ከግል ትዝታ ያለፈ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሥልጠናው ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው፤ ውሻ የሰውን እጅና ፊት በማንበብ ረገድ የተካነ እንስሳ ነውና። ለመቀመጥ፣ ለመምጣት፣ ለመቆምና ለምስጋና የማይለዋወጡ የእጅ ምልክቶች ይመረጣሉ፤ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በእነዚሁ ይጸናሉ። ቡችላው ሲተኛ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ትከሻው ላይ፣ በቀስታ ነክቶ መቀስቀስና ወዲያው ምግብ መስጠት መነካትን ከመልካም ነገር ጋር እንዲያያይዘው ያደርጋል። በጨለማ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ በእንጨት ወለል ላይ በእግር መታ ማድረግ ለመጥራት ያገለግላሉ። የማይታለፈው ደንብ አንድ ነው፤ አጥር በሌለበት ቦታ ማሰሪያው አይፈታም፣ የመኪናን ድምፅ አይሰማምና።

ለሚሰሙትም ለማይሰሙትም የጋራ የሆነው ጉዳይ ፀሐይ ነው። ሜላኒን የሌለው ቆዳ በተለይ በአፍንጫ፣ በጆሮ ጫፍና ፀጉሩ በሳሳው ሆድ ላይ ይቃጠላል፤ ለዓመታት የተደጋገመ ቃጠሎም ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ወደተባለው የቆዳ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። በቀትር ጥላ ማስያዝ ከቅባት ይበልጣል። ቅባት አስፈላጊ ሲሆንም ውሻው ስለሚልሰው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ሳሊሲሌት ያለበት የሰው ቅባት አይሆንም፤ ለእንስሳት የተዘጋጀው ይመረጣል። አፍንጫው አጭር በመሆኑ ቦክሰር ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ቀድሞም ዝቅተኛ ስለሆነ ጥላው ሁለት ጥቅም ይሰጣል።

ስለ መዝገብ

ከነጮቹ ጋር የተያያዘው አኃዝ ሁሉ ግምት የሚሆንበት ምክንያት መዝገቡ ራሱ ነው። በተወለደበት ዕለት የተገደለ ቡችላ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ሳይመዘገብ ለጎረቤት የተሰጠውም እንዲሁ። በአሜሪካ የቦክሰር መጠለያዎች ከካታናክ ግምት በእጥፍ የሚበልጥ የማይሰሙ ነጮች ያጋጥሟቸዋል መባሉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወደ መጠለያ የሚደርሰው በብዛት ባለቤቱ የተቸገረበት ውሻ ነውና። የዘር ማኅበራት የእያንዳንዱን ውልደት ሁሉንም ቡችሎች፣ ከቀለማቸውና ከሁለቱ ጆሮዎቻቸው የምርመራ ውጤት ጋር፣ ለመራቢያ ይታሰቡም አይታሰቡ ቢመዘግቡ ነጭ ያስወለደው ጥምረት የትኛው እንደሆነ ከወላጆቹ ስም አጠገብ ይነበባል። ቡችላ ሊገዛ የመጣ ሰውም አርቢውን ስለ ነጮቹ ሲጠይቅ መልሱን በጽሑፍ ያገኛል።