ቁርጥማት፣ መድኃኒትና የሌሊት እንቅልፍ

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ደጋማ ቀበሌዎች ቁርጥማት የያዛቸው ወገኖቻችን ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። የሚወቀሰው ብርዱ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓትም ሊመረመር ይገባዋል።

ፕሬድኒሶሎን እብጠትንና ሕመምን ያስታግሳል፤ ዳሩ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ስለሆነም ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ያዛሉ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ውጦ፣ በላዩ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ወይም በዱዓው ላይ ጫት የቃመ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ምን ይገርማል? ሰዓቱን ወደ ስሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። በገዛ ፈቃዱ ግን አያቋርጥ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

«መታከም ተወኩልን ይቃረናል» የሚሉ አይጠፉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንድንታከም አዘዋል። ሕመም ለጸናበት ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይንም መቆም ካቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ነግረውታል። ቁርኣንም (2፡184) የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። እንቅልፍን ዕረፍት ያደረገልን አላህ ነው (78፡9)። ገላችን አማና ነውና እንጠብቀው። ወላሁ አዕለም።