ዲከረንሴ እየደረቀ ነው፤ ልቁረጠው?

ጥያቄ፦ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የሦስት ዓመት የዲከረንስ ዛፌ ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ነጋዴው ደግሞ በርካሽ ሊገዛው ይፈልጋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምልክቱ በቅርብ ዓመታት አካባቢዎን ያጠቃውን፣ በፈንገስ የሚመጣውን የዋግ በሽታ ይመስላል። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ያዛምተዋል። ይህ ዛፍ አሲዳማ መሬታችሁ ላይ ገቢ ያስገኘ፣ ከሰል አክሳዩን፣ ጫኚውንና ችግኝ የሚያፈላውን ያሳደረ ነውና ጭንቀትዎ ይገባኛል።

ቅጠሉን በጣትዎ ያሹት፤ ቡናማ ዱቄት ከነካዎት ዋግ ሳይሆን አይቀርም። ዛፉ የሚቆረጠው በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ስለሆነ፣ ጫፉ ካቆጠቆጠ ለመሸጥ አይቸኩሉ። ከነግንዱ የደረቀውን ግን ቆርጠው ያክስሉት። በቦታው ጤፍ ይዝሩ፤ መሬቱንም ሁሉ መልሰው ለዲከረንስ ብቻ አይስጡ። ከመቁረጥዎ በፊት የታመመውን ቅርንጫፍ ለወረዳው የደን ባለሙያ ያሳዩ።