«ብዙ ሰጠኝ!»፦ ሕፃናትን ገንዘብ መቁጠር ስለ ማስተማር

ባለፈው ክረምት እማዬ ሰባት ዓመት የሞላውን ታናሽ ወንድሜን 50 ብር አስይዛ ሳሙና እንዲገዛ ሰፈራችን ወዳለው ሱቅ ላከችው። የሳሙናው ዋጋ 35 ብር ነበር። ልጁ እየሮጠ ተመለሰና አምስት የአንድ ብር ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «እማዬ፣ ብዙ ሰጠኝ!» አለ በደስታ።

መልሱ ግን 15 ብር መሆን ነበረበት። «አሥሩን ብር የት አደረስከው? ከረሜላ በላህበት አይደል?» ተባለ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም፤ ኪሱን የፈተሽኩት እኔው ነኝ። ማታ ባለሱቁ ሒሳቡን ሲዘጋ ስህተቱን አግኝቶ አሥሩን ብር ይዞልን መጣ። ወንድሜ ግን ሳይታረቀን ተኛ።

ውድ አንባብያን፣ እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ መምህር አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ከወንድሜ ጋር ተቀምጬ ገንዘብ ሳስቆጥረው አንድ ነገር ገባኝ። ልጁ አልዋሸም፣ መቁጠርም አላቃተውም። የቆጠረው ፍሬውን እንጂ ዋጋውን አልነበረም። ዋጋን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

መጀመሪያ መለየት

አያታችን በቆርቆሮ ያጠራቀሟቸው የድሮ ሳንቲሞች ነበሩ፤ እነሱን ምንጣፍ ላይ ዘረገፍናቸው። ሁሉም ባንድ ፊታቸው የአንበሳ ራስ አለባቸው፤ የሚለዩት በሌላው ፊታቸው ነው። አንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስት ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አሥር ላይ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት፣ ሽልንግ ላይ ደግሞ ብዙ ሰዎች አሉ። ወንድሜ ሥዕሎቹን በአንድ ቀን ያዛቸው።

ችግሩ የመጣው «የቱ ይበልጣል?» ስለው ነው። አሥር ሳንቲሙን አነሳ። «ለምን?» አልኩት። «ትልቅ ነዋ!» አለኝ። እውነትም አሥር ሳንቲም በስፋቱ ከስሙኒ ይበልጣል። እኛ ለምደነው ልብ አላልነውም እንጂ ልጁ በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው።

ቋንቋችንም የራሱ ወጥመድ አለው። «ሳንቲም» ስንል የብር አንድ መቶኛ ማለታችን ነው፤ በእጅ የሚያዘውን ድቡልቡል ብረትም «ሳንቲም» እንለዋለን። 2002 ዓ.ም. የተጻፈበት ባለ ሁለት ቀለሙ የአንድ ብር ሳንቲም መቶ ሳንቲም ነው ሲባል ሕፃን ቢደናገር ምን ይገርማል? ስለዚህ «ስንት ሳንቲም አለህ?» ከማለት «ስንት ፍሬ አለህ?» እና «ስንት ብር ያወጣል?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

ብዛትና ዋጋ

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ለሕፃናት በቁጥር እኩል የሆኑ ሁለት የጠጠር ረድፎች ያሳያቸው ነበር። አንዱን ረድፍ ዘርዘር ሲያደርገው ትንንሾቹ ልጆች «ይኼኛው በለጠ» ይሉ ነበር። ዓይን ያየው ስፋት ቁጥሩን ያሸንፈዋል ማለት ነው። በገንዘብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ዋጋ በዓይን አይታይም።

ለዚህ የረዳን የምንዛሪ ጨዋታ ነው። «አምስት የአንድ ብር ሳንቲም ስጠኝና አንድ ባለ አምስት ብር ኖት ልስጥህ» አልኩት። «አይ፣ ተበላሁ!» ብሎ እምቢ አለ። እኔም አልተጨቃጨቅኩም። አንድ ብስኩት አምስት ብር ነው ተባብለን በአምስቱ ሳንቲሞች ገዛ፤ ቀጥሎ በአንዷ ኖት ያንኑ ብስኩት ገዛ። ዝም ብሎ ቆየና «እኩል ናቸው እንዴ?» አለኝ። ይህን ራሱ ሳይደርስበት ብነግረው ኖሮ የሚይዘው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ድመራው ቀለለ። ከትልቁ ጀምሮ መቁጠርን ለመደ። አራት ስሙኒ 25፣ 50፣ 75፣ 100 እያለ ብር ሲሞላለት ያጨበጭብ ነበር።

መልስ መቁጠር

በትምህርት ቤት 50 ሲቀነስ 35 የሚሠራው ቁጥሮቹን ደራርቦ፣ «ከዜሮ ላይ አምስት አይቀነስም፣ ከጎን እንበደር» እየተባለ ነው። ነጋዴ ግን እንዲህ አይሠራም። ከ35 ተነስቶ አምስት ብር ያስቀምጥና «አርባ» ይላል፤ አሥር ብር ይጨምርና «ሃምሳ» ይላል። ማለትም መልስ በመደመር ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ አንድ ጥናት፣ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የሚኖሩ በመንገድ ንግድ ላይ የተሰማሩ አምስት ልጆች ተጠይቀው ነበር። በገበያቸው ላይ እያሉ ከቀረበላቸው ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ተመሳሳዩ ሒሳብ ያለ ዕቃና ያለ ገበያ፣ በቁጥር ብቻ ሲሰጣቸው የመለሱት 37 በመቶውን ብቻ ነበር። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የጥያቄው አቀራረብ ነው። በእኛም ከተሞች ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ ልጆች መልስ ሲሰጡ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ሱቅ ከፈትን። ባዶ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ ሁለት ሽንኩርት፣ አንድ እርሳስ፤ ሁሉም ዋጋ ተጻፈበት። አንድ ቀን እሱ ባለሱቅ፣ አንድ ቀን እኔ። አንዳንዴ ሆን ብዬ መልስ አጎድልበታለሁ። ሲነቃብኝ ደስታው ሌላ ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሳንቲሞቹ ከገበያ እየጠፉ ነው፤ ዝርዝር ሲጠፋም ማስቲካ በመልስ ፈንታ ይሰጣል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ወላጅ የሚከፍለው በስልክ ነው፤ ልጁ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አያይም። ድሮ መላላክ ያስተማረንን ዛሬ አስበን ካላስተማርነው ከየት ይመጣል?

ማጠቃለያ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሜ 100 ብር ይዞ የ65 ብር ዕቃ ሊገዛ ሄደ። ከኋላው ተከትዬው ነበር። መልሱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ «ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ» ብሎ ቆጠረ። ከኋላው ወረፋ የያዙ ሰው «ቶሎ በል እንጂ!» ሲሉት ባለሱቁ «ይቁጠር፣ ተዉት» አለ። ቤት ደርሶ ለእማዬ ሲሰጣት ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሱም ይህን አይቷል።

በዜና አጻጻፍ ክፍል «ሳታጣሩ አትጻፉ» ተብለን ተምረናል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ሳላጣራ በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ፈረድኩ። ሕፃን መልስ አጉድሎ ሲመጣ ኪሱን ከመፈተሻችን በፊት «እስቲ እንዴት እንደቆጠርከው አሳየኝ» እንበለው።