የራስነት ማዕረግና የዘር ውርስ፦ የልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ቤት እንደ ማሳያ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው አካባቢ፣ «ራስ ካሳ ሰፈር» የሚለው ስም ዛሬም ይነገራል። ከአዲስ አበባ ቀደምት ሰፈሮች ብዙዎቹ እንዲሁ በሹማምንት ስም ይጠራሉ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር። ስያሜው የሚያቆየው የአንድን ሰው ስም ከደረሰበት ማዕረግ ጋር ነው፤ ቤተሰቡን አይደለም። የኢትዮጵያን መኳንንት ከአውሮፓ ባላባቶች ጋር አመሳስሎ ማዕረጋቸውን በዘር የሚወረስ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ያልፈዋል።

በስፔን የዱክነት ወይም የማርኬስነት ማዕረግ በሕግ የሚወረስ ነው። ባለማዕረጉ ሲሞት ወራሹ ለፍትሕ ሚኒስቴር ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ ሕግ ወዲህም የበኩር ልጅ ሴት ብትሆን ቅድሚያው የእርሷ ነው። በኢትዮጵያ ራስ፣ ደጃዝማችና ፊታውራሪ የሹመት ማዕረጎች ነበሩ። ትውልድ ሰውን ለሹመት ያሳጫል፤ ማዕረጉን የሚሰጠው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ለዚህ ልማድ ጉልህ ልዩ ሁኔታ የሚሆነው ዋግሹምነት ነው። መቀመጫው ሰቆጣ የነበረው ይህ ማዕረግ ከዛግዌ ነገሥታት እንወለዳለን በሚል ቤት ውስጥ ከግዛቱ ጋር ሲተላለፍ ኖሯል። ትውፊቱ ነገሩን በ1262 ዓ.ም. ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጋር ከተደረገ ስምምነት ያደርሰዋል፤ በእርግጥ ትውፊቱ ለሁለቱም ወገን የሚመች መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ መንገሥ የደረሱት ከዚሁ ቤት ተነሥተው ነው።

ራስ ካሳ በአባታቸው ከላስታ ገዥዎች፣ በእናታቸው ከራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ይወለዳሉ። ይህን ያህል የዘር ሐረግ ይዘውም የታወቁት ንጉሠ ነገሥቱ በሰጧቸው ማዕረግ ነው። ሦስት ልጆቻቸውን ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው፤ ለቤቱ የተረፉት አሥራተ ካሳ ሆኑ። አባት በ1949 ዓ.ም. ሲያርፉ የልዑል ራስነቱ ማዕረግ ወደ ልጅ አልተሻገረም። አሥራተ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ገና ደጃዝማች ነበሩ፤ ልዑል ራስ የተባሉት ከዚያ በኋላ በሹመት ነው። በኤርትራ እንደራሴነት፣ በኋላም በዘውድ ምክር ቤት ሰብሳቢነት አገልግለው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ።

በሕግ ይወረስ የነበረው ርስት ነው፤ ከሹመት ጋር የሚመጣው ጉልት ከሹመቱ ጋር ሊሄድ ይችል ነበር። ስለዚህ የመኳንንቱን ቤቶች ቀጣይነት ለሚያጠና ተመራማሪ ከማዕረግ ዝርዝር ይልቅ የመሬት መዝገብ የተሻለ ምስክር ነው። ደርግም ሁለቱን የሻረው በተለያየ ጊዜ ነው፦ ዘውዱንና ማዕረጎቹን በመጋቢት 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ደግሞ በሐምሌ ወር በአዋጅ ቁጥር 47።